ፓስፖርቴ ባዶ ነበር፦ 366 ሌሊት እንዴት እንደቆጠርኩ

ደብዳቤው የደረሰኝ በፈረንጆቹ 2025 ጸደይ ላይ ነው። ከእንግሊዝ ግብር መሥሪያ ቤት፣ ከኤችኤምአርሲ። ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ጥያቄውም ቀላል ይመስላል፤ ከኤፕሪል 6 ቀን 2023 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2024 ድረስ እንግሊዝ አገር የነበርክባቸውን ቀናት ዘርዝር፣ ማስረጃውንም አያይዝ።

ፓስፖርቴን አወጣሁና ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። በዚያ ዓመት ከዱባይ ለንደን 13 ጊዜ ተመላልሻለሁ። የእንግሊዝ ማህተም የለም። የዱባይም የለም። መጨረሻ አካባቢ ሁለት የፈረንሳይ ማህተሞች አሉ፤ ስለ እነሱ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሌላው ገጽ ሁሉ እንደተሰጠኝ ንጹህ ነው።

ሁኔታዬን ላስረዳ። ሥራዬ ዱባይ ነው። ባለቤቴና ልጆቼ በትምህርት ምክንያት ለንደን ናቸው። እኔ የእንግሊዝ ዜጋ ስለሆንኩ የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት ስደርስ በኢ-ጌት፣ ማለት በአውቶማቲክ በር ነው የማልፈው። ፓስፖርቱን መስታወቱ ላይ አስተኛለሁ፣ ካሜራው ፊቴን ፓስፖርቱ ቺፕ ውስጥ ካለው ፎቶ ጋር ያመሳክራል፣ በሩ ይከፈታል። ስወጣ ደግሞ የእንግሊዝ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ጨርሶ አላይም። ከእንግሊዝ የሚወጣ ሰው መረጃ ወደ መንግሥት የሚሄደው በአየር መንገዱ በኩል ነው። ዱባይም ነዋሪ ስለሆንኩ ስማርት ጌቱ ያሳልፈኛል። ለዓመታት ይህን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሰልፍ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ፓስፖርት ላይ የሚያርፍ ቀለም የለ።

ችግሩ ቀለሙ ማስረጃም ነበር። በሩ መዝግቦኛል፤ መዝገቡ ግን ያለው እነሱ ጋ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚጠይቀው በሩን አይደለም፣ እኔን ነው።

ይህ ለምን እንዳስጨነቀኝ እንድትረዱልኝ ሕጉን ትንሽ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ የግብር ነዋሪ፣ ማለት ውጭ ባገኘው ገቢም ጭምር ግብር የሚጠየቅ ሰው፣ ማን እንደሆነ የሚወስነው በሕግ በተቀመጠ ፈተና ነው። 183 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየህ ነዋሪ ነህ፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚያ በጣም ባነሰ ቀንም ነዋሪ መሆን እንደሚቻል ነው። እኔን ከነዋሪነት የሚያወጣኝ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ውጭ አገር ሙሉ ጊዜ መሥራት። ለዚህ በሳምንት በአማካይ ቢያንስ 35 ሰዓት ውጭ መሥራት አለብኝ። እንግሊዝ የምቆይባቸው ቀናት ከ91 ማነስ አለባቸው። እንግሊዝ ሆኜ ከ3 ሰዓት በላይ የሠራሁባቸው ቀናት ደግሞ ከ31 ማነስ አለባቸው።

ከእነዚህ አንዱ ቢጎድልስ? ያኔ የሚቆጠረው ከአገሩ ጋር ያለህ ትስስር ነው። እኔ ቤተሰቤ እዚያ ነው፣ የማርፍበት ቤት አለኝ፣ ከሁለቱ ቀዳሚ ዓመታት በአንዱ ደግሞ ከ90 ቀን በላይ ቆይቻለሁ። ሦስት ትስስር ማለት ነው። እንደ እኔ በቅርቡ ከእንግሊዝ የወጣ ሰው ከ46 እስከ 90 ቀን ቆይቶ ሦስት ትስስር ካለው ነዋሪ ነው። በዓመቱ የዱባይ ደመወዜ ሁሉ ግብር ይጠየቅበታል ማለት ነው። አንዲት የሥራ ቀን ብታልፍ ሁሉም ነገር ይገለበጣል።

የግብር መግለጫው ላይ 74 ቀን ብዬ ሞልቻለሁ። ይህን ቁጥር ከየት አመጣሁት? ከራሴ። ቁጭ ብዬ ጉዞዎቼን አስታወስኩ፣ ደመርኩ፣ ጻፍኩ። የሥራ ቀን ደግሞ 19 አልኩ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር። ከኤምሬትስ የፌደራል ግብር ባለሥልጣን ያወጣሁት የግብር ነዋሪነት ሰርተፊኬት አለ። እሱን ልላክና ነገሩ ይለቅ ብዬ አሰብኩ። የምማከረው የሂሳብ ባለሙያ አስቆመኝ። «ሰርተፊኬቱ የሚለው የኤምሬትስ ነዋሪ ነህ ነው፤ የእንግሊዝ ነዋሪ አይደለህም አይልም» አለኝ። አንድ ሰው በአንድ ዓመት በሁለት አገር ሕግ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ አገሮች መካከል የግብር ስምምነት ካለ ማን ይቅደም የሚለው በዚያ ይዳኛል። መጀመሪያ ግን ቀኑን መቁጠር ግድ ነው። የመኖሪያ ቪዛም ያው ነው። በሩ የሚያሳልፍህ ቪዛ ስላለህ ነው፤ ግብር የምትከፍለው የት ነው የሚለውን በሩ አያውቀውም።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ያለበት ስለሆነ 366 መስመር ወጣው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር። የመጀመሪያውን ዓምድ «የት አደርኩ» አልኩት።

ይህ ቃል ነው ነገሩን ያቃለለልኝ። የእንግሊዝ ሕግ ቀን የሚቆጥረው በእኩለ ሌሊት ነው። ቀኑ ሲያልቅ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ እንግሊዝ ውስጥ ካለህ ያ ቀን ይቆጠርብሃል። በእንግሊዝኛ ሲያነቡት ያደናግራል፤ በአማርኛ ግን «የት አደርክ?» ማለት ነው፣ አለቀ። ማምሻውን ለንደን ገብተህ ካደርክ ቀኑ ተቆጥሯል። ቀኑን ሙሉ ለንደን ውለህ ምሽት ላይ በርረህ ከወጣህ አይቆጠርም።

እኔ በጭንቅላቴ ስደምር በማምሻው በረራ የገባሁበትን ቀን ትቼው ነበር። ምን ቀን ነው እሱ፣ አውሮፕላን ላይ ነው የዋልኩት ብዬ። በማምሻው የገባሁት 11 ጊዜ ነው። አስራ አንድ ሌሊት ወዲያው ተጨመረ።

ከዚያ የፌብሩዋሪዋ ሌሊት መጣች። በረራዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ነበር። ሻንጣዬን አስረክቤ፣ ፍተሻ አልፌ፣ በር ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሰሌዳው ላይ «ዘግይቷል» የሚል መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱ ተቀየረ፣ እንደገና ተቀየረ። በመጨረሻ በረራው ወደ ጠዋት ተዛወረና ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል አሳደሩን። እኔ የተናደድኩት ዱባይ ስለሚያመልጠኝ ስብሰባ ነበር። ያቺ ሌሊት ከ91 ላይ አንድ እንደቀነሰችብኝ ትዝም አላለኝ። ሕጉ ከአቅም በላይ ለሆነ ነገር እስከ 60 ቀን ቅናሽ አለው፤ ጦርነት፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ትንሽ ልጅ ድንገት በጠና መታመም። ተራ የጉዞ መስተጓጎል ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቆጠርኳት።

አሁን ወደ ፈረንሳይ ማህተሞቹ። ኢሜይሌ ውስጥ ዲሴምበር 30 ከሂትሮው የምበርበት ቲኬት አለ። በቲኬቱ ብሄድ 28ንም 29ንም ለንደን ነው ያደርኩት። 74 ስል የቆጠርኩትም እንደዚያ ነው። ግን ያን ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬ ነበር። በ28 ምሽት ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በባቡር ፓሪስ ሄድኩ፣ ከዚያ በ31 ወደ ዱባይ በረርኩ። ረስቼው ነበር! ያስታወሰኝ ማህተሙ ነው። የፈረንሳይ የድንበር ፖሊስ ፓስፖርት የሚያየው ፓሪስ ሳይሆን እዚያው ለንደን ጣቢያው ውስጥ ነው። ማህተሙ አራት ማዕዘን ነው፣ ጥግ ላይ ትንሽ የባቡር ምስል አለችው፣ መሐል ላይ 28 12 23 የሚል ቀን። ጣቴን አድርጌበት ብዙ ደቂቃ ቁጭ አልኩ። ሁለት ሌሊት ተቀነሰልኝ። ቲኬት የገዛኸውን እንጂ የሄድከውን እንደማያሳይ የተማርኩት ያኔ ነው።

እንዲህ ያለው ማህተምም አሁን እየጠፋ ነው። አውሮፓውያኑ ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ማህተሙን ፊትና ጣት አሻራ በሚመዘግብ ሥርዓት እየተኩት ነው። ዛሬ ያንኑ ጉዞ ባደርግ በፓስፖርቴ ላይ ምንም ላይቀር ይችላል።

74፣ ሲደመር 11፣ ሲደመር 1፣ ሲቀነስ 2። 84 ሆነ። ከ91 በታች ነው። ተነፈስኩ።

የከበደኝ ግን የሥራው ቀን ነው። ማደርን በር ይመዘግበዋል፣ ሥራን ማን ይመዘግበዋል? ዱባይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀመር ስብሰባ በፈረንጆቹ ክረምት ለንደን ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ልጆቹ ሳይነሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍቼ ስብሰባ እካፈላለሁ። ከዚያ ኢሜይል፣ ከዚያ አንድ ስልክ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «አንድ ነገር ላስተካክል» ብዬ አንድ ሰዓት። በዚያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «ዕረፍት ላይ ነኝ» ነበር የምለው። ስደምረው ግን ሦስት ሰዓት ከሩብ። አንድ የሥራ ቀን ተቆጠረ። የቢሮ ካላንደሬን፣ የላክኳቸውን ኢሜይሎች ሰዓትና የስልክ ጥሪዎቼን ደርድሬ እያንዳንዱን የለንደን ቀን አየሁ። የኢሜይሎቹ ሰዓት በዱባይ አቆጣጠር ስለነበር እሱንም መመለስ ነበረብኝ። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። 19 ያልኩት 27 ሆኖ ወጣ። አራት ቀን ብጨምር ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

ማስረጃውን ከሦስት ቦታ ሰበሰብኩ። ከዱባይ የነዋሪነትና የውጭ ዜጎች ጉዳይ ዳይሬክቶሬት የመግቢያና መውጫ ሪፖርት አወጣሁ። ኢሚግሬሽንን ለሚመራው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት፣ ለሆም ኦፊስ፣ ስለ እኔ የያዛችሁትን የጉዞ መረጃ ስጡኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ በሕግ የተሰጠ መብት ነው፣ አይከፈልበትም፣ መልስ ለመስጠት ያላቸው ጊዜም በመደበኛው አንድ ወር ነው። ሦስተኛው የራሴ ነው፤ የባንክ ካርድ፣ የአውቶቡስና የባቡር ክፍያ፣ የሆቴሉ ደረሰኝ። ሁለቱን የመንግሥት ሰነዶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ደስ አለኝ፤ አንዱ ሲያስወጣኝ ሌላው ሲያስገባኝ ይታያል።

አንድ ነገር ግን እንዳያደናግራችሁ። ሁለት አገር ስትቆጥሩ ድምሩ 366 አይመጣም። የኤምሬትስ ሕግ የቀኑን ክፍልፋይም እንደ አንድ ቀን ይቆጥራል፣ የእንግሊዙ የሚያየው እኩለ ሌሊትን ነው። አሜሪካም በመሠረቱ የቀኑን ክፍልፋይ ይቆጥራል፤ ደግሞ የዘንድሮውን ሙሉ፣ የአምናውን ሲሶ፣ የካቻምናውን አንድ ስድስተኛ ደምሮ 183 መሙላቱን ያያል። ጓደኛህ «183 ነው፣ አትጨነቅ» ቢልህ የየትኛውን አገር አቆጣጠር ይዞ እንደሚያወራ ጠይቀው።

መልሴን በላክሁ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ስህተቴን ነው። 74 ያልኩት 84 ነው፣ 19 ያልኩት 27 ነው፣ ምክንያቱም ይኸው ብዬ ጻፍኩ። የሂሳብ ባለሙያው ትንሽ አመነታ፤ እኔ ግን ሌላው ቁጥር እንዲታመን ይሄ መቅደም አለበት ብዬ ተከራከርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥያቄው ተዘጋ። ነዋሪ አለመሆኔ ጸና፣ ተጨማሪ ግብርም አልተጠየቅኩም።

አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ዓመቱን የማቅደው በ90 ሳይሆን በ78 ነው። አሥራ ሁለቱን ሌሊት አልነካቸውም፤ ለሚዘገይ በረራና ለልጆቼ ናቸው። ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጄ አተኮሳትና ስልክ ላይ «ና» አለችኝ። ሕጉ ቅናሽ የሚሰጥበት ዓይነት ሕመም አልነበረም። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱን አወጣሁና ሄድኩ። በዚያኛው ዓመት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ቁጥር ውስጥ ነበር የምገባው።

ሂትሮው ኢ-ጌቱን አልፌ ሻንጣ እስኪመጣ ስልኬን አወጣሁ። ቀኑን፣ የበረራውን ቁጥር፣ የገባሁበትን ሰዓት ጻፍኩ። «የት አደርኩ» የሚለውን ባዶ ተውኩት። እሱን የሞላሁት ማታ ነው፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ትኩሳቷ በረድ ካለ በኋላ።