ተስፋ፣ ምኞት፣ ቁጭት፦ ኮንዲሽናልን በውሃ ወሬ እንዴት እንዳስተማርኩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። አብዛኞቹ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ናቸው። ከእንግሊዝኛው በጣም የሚያስጨንቃቸው ኮንዲሽናል ነው፤ “እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ይሆናል” የሚባልበት በ“ኢፍ” የሚሠራ ዓረፍተ ነገር። ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ስሪ እያሉ ቀመሩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። እስቲ ከራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ስሩ ሲባሉ ግን ጭጭ ነው።

ቁጥሮቹን ተውኳቸውና በሰፈሩ ወሬ ጀመርን። የኛ ሰፈር ወሬ ደግሞ ውሃ ነው። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እሱም ደስ ሲለው።

“ውሃ ከመጣ ልብስ አጥባለሁ።” ይሄ ተስፋ ነው፤ ዛሬ ማታ ሊመጣ ይችላል። በእንግሊዝኛ “ኢፍ ዘ ዋተር ከምስ፣ አይ ዊል ዎሽ ማይ ክሎዝስ” ይባላል። ነገሩ ገና የሚሆን ስለሆነ ልጆቹ “ኢፍ” ባለበት ጎንም “ዊል” ማስገባት ያምራቸዋል። አይገባም። ሌላው ወጥመድ ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ነው። “ከመጣ” ስንል ግሡ የኃላፊ ጊዜ መልክ ስላለው “ኬም” ብለው ይጽፋሉ። እንግሊዝኛው የሚፈልገው ግን የአሁን ጊዜን ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው “ኖሮ” ላይ ነው። አንዷ ተማሪ አራተኛ ፎቅ ናት። ውሃው መጥቶም እዚያ ድረስ የሚወጣበት አቅም የለውም። “ግራውንድ ላይ ብንኖር ኖሮ ውሃ እናገኝ ነበር” አለች። ሌላው ቀጠለ፦ “ትናንት ሌሊት ብነቃ ኖሮ ጀሪካኑን እሞላው ነበር።” አማርኛው ለሁለቱም ያው ነው፤ “ኖሮ” እና “ነበር”። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቁ አስለመድኳቸው፦ ነገሩ አልፏል ወይስ አሁንም እንዳለ ነው?

ልጅቷ ዛሬም አራተኛ ፎቅ ናት። የሷ ምኞት ነው፦ “ኢፍ ዊ ሊቭድ ኦን ዘ ግራውንድ ፍሎር፣ ዊ ዉድ ጌት ዋተር።” የልጁ ሌሊት ግን ላይመለስ ነግቷል። የሱ ቁጭት ነው፦ “ኢፍ አይ ሃድ ዎከን አፕ፣ አይ ዉድ ሃቭ ፊልድ ዘ ጀሪካን።” ለቁጭት “ኢፍ” ባለበት ጎን “ሃድ” ከሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ጋር፣ በሌላው ጎን “ዉድ ሃቭ” ከዚያው ቅርጽ ጋር።

“ቲቸር፣ ስለ አሁን እያወራን ኃላፊ ጊዜ ምን አመጣው?” አለችኝ ባለ አራተኛ ፎቋ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ መምህር ዝም ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ኃላፊው ጊዜን አይናገርም፤ ነገሩ እውነት አለመሆኑን ነው የሚናገረው። እንግሊዝኛ እውነት ያልሆነን ነገር ሲያወራ ግሡን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የአሁኑን ምኞት ወደ ኃላፊ፣ ያለፈውን ቁጭት ከኃላፊም ወዲያ። ይሄን ከያዙ በኋላ ቀመሩን መሸምደድ ቀረ።

“እኔ አንቺን ብሆን” ሲሆን “ኢፍ አይ ወር ዩ” ነው። በንግግር “ዎዝ” የሚሉ ፈረንጆች ሞልተዋል፤ ፈተና ላይ ግን “ወር” ብላችሁ እለፉ።

“አንለስ” ላይም ተጠንቀቁ። “ካልመጣ” ውስጥ ያለውን “አል” ይዘው “አንለስ ኢት ዳዝንት ከም” የሚሉ አሉ። አሉታው “አንለስ” ውስጥ ገብቷል፤ “አንለስ ኢት ከምስ” ይበቃል።

አንዳንዴ ቁጭቱ የትናንት፣ መዘዙ የዛሬ ይሆናል። “ዕጣው ግራውንድ ላይ ወጥቶልን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጀሪካን አንሸከምም ነበር።” ያኔ በአንዱ ጎን “ሃድ”፣ በሌላው “ዉድ” ብቻ፤ “ሃቭ” አያስፈልግም፦ “ኢፍ ዊ ሃድ ዎን ኤ ግራውንድ ፍሎር፣ ዊ ዉድንት ካሪ ጀሪካንስ ናው።” ይሄን እንኳን ማንም ሳይነግራት ባለ አራተኛ ፎቋ ራሷ ናት የሠራችው።