የሜዳው ሲኒማ

ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ ይረዳኛል። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ የሰው መኪና ስታስገባና ስታወጣ ትውላለህ። ቁልፍ ትቀበላለህ፣ ቁልፍ ትመልሳለህ። ማታ ስትተኛ ጆሮህ ውስጥ የሚቀረው የጎማ ጩኸት ነው። በ1990ዎቹ ከዚህ አገር ጋር የተዋወቅሁት በዚያ ሥራ ነው። ታዲያ አንድ ጓደኛዬ «ቅዳሜ ሲኒማ ልጋብዝህ» ብሎ ቨርጂኒያ ገጠር ድረስ ወስዶ፣ አንድ ሜዳ ላይ ከመቶ መኪና ጋር ሲያሰልፈኝ ምን እንዳልኩ ገምቱ። በእረፍት ቀኔ መኪና ላቆም! ያውም ተከፍሎበት!

ድራይቭ ኢን ይሉታል። ጣሪያ የለውም፣ ወንበርም የለውም። ወንበርህ መኪናህ ነው። ከፊት ፎቅ የሚያክል ነጭ ስክሪን ቆሟል። መሬቱ ለጥ ያለ ሜዳ እንዳይመስላችሁ። በግማሽ ክብ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ከፍ ዝቅ ተደርጎ የተደለደለ ነው። የፊት ጎማህን ጉብታው ላይ ስታወጣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፤ ከፊትህ ያለው መኪናም አይጋርድህም። እኔ በሙያዬ ይሄን ሳይ ገርሞኛል። ይህን ሁሉ መኪና ያለ ምንም ግርግር የሚያስተካክለው ያ ጉብታ ነበር። ሠራተኛው የእጅ ባትሪ ይዞ ከመዘዋወር በቀር ሥራ የለውም።

በየመካከሉ አጫጭር የብረት ምሰሶዎች ነበሩ። ድሮ ድምፁ የሚመጣው ከምሰሶው ላይ በሽቦ ከተንጠለጠለ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። መስታወትህን ዝቅ አድርገህ በሩ ላይ ታንጠለጥለዋለህ። ብዙ ሰው ረስቶት ሽቦውን በጥሶ ይዞት ይሄድ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ዘመኑ የሬዲዮ ነበር። መግቢያው ላይ የኤፍኤም ቁጥር ይነግሩሃል፣ የመኪናህን ሬዲዮ ትከፍታለህ፣ አለቀ።

ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ጣሪያ ያለውን የከተማ ሲኒማ አስቀድመን ሞክረንላት ነበር። አልሆነም። እናቴ ፊልም ዝም ብላ ማየት አትችልም። «ይሄ ሰውዬ እየዋሸ ነው!» ትላለች። «ልጅቷ ዞር ብትል ምን አለበት፣ ከኋላዋ ቆሞ የለም እንዴ!» እኔ ደግሞ በጆሮዋ መተርጎም አለብኝ። ፊት ለፊታችን ያሉ ሰዎች ዞረው አፈጠጡብን። አንዱማ እሽሽ አለ። እናቴ እሽታ የሚባለው ዶሮ ብቻ ይመስላት ነበርና ስድብ አድርጋ ወሰደችው። በግማሹ ወጣን።

ሜዳው ሲኒማ ለእሷ የተሠራ ነው ያልኩት ያኔ ነው። መስታወቱን ዘጋ አድርጎ እንደ ልብ ማውራት ይቻላል። ልጆቹ ፒጃማቸውን ለብሰው ከኋላ ይጋደማሉ። ባለቤቴ ነጠላዋን ትከናነባለች። የሚቆጣን የለም።

ችግሩ የአሜሪካ በጋ ነው። ጁን ላይ ፀሐይ አትጠልቅም ማለት ይቻላል። ፊልሙ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 አካባቢ ነው የሚጀምረው፤ ጥሩ ቦታ ለመያዝ ግን ከ12 ሰዓት ጀምሮ መድረስ አለብህ። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ወደ አጥሩ ሄደች። ከአጥሩ ማዶ በቆሎ ነበር፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ በቆሎ። እሷ የጎጃም ገበሬ ልጅ ናት። አገዳውን በአጥሩ ቀዳዳ እየነካች ብዙ ቆየች። «ይሄን ሁሉ ማን ያርመዋል?» አለችኝ። መድኃኒት ይረጩበታል አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፤ «እስቲ ሰው ሲያርመው አሳየኝ» አለች። በዚያ ምሽት ካየችው ሁሉ አብልጣ ያየችው በቆሎውን ነው።

ምግቡን ልንገራችሁ። ዶሮ ወጥ በሰሃን ክዳን ተከድኖ፣ እንጀራው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ቡናው በፔርሙስ። መግቢያው ላይ ግን ምግብ ይዞ የሚገባ መኪና ተጨማሪ ይከፍላል። እናቴ ስትሰማ «የገዛ እንጀራዬን ልበላ እከፍላለሁ?» ብላ ልትወርድ ነበር። እኔም መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። በኋላ ነው የገባኝ። ከትኬቱ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ወስደው የሚሄዱት ፊልሙን ያከራዩት ኩባንያዎች ናቸው። ባለቤቱ የሚኖረው በፈንዲሻና በለስላሳ ነው። ሁሉም ሰው ዶሮ ወጡን ይዞ ከመጣ ሲኒማው በአንድ ሰመር ይዘጋል። ስለዚህ ከፈልን፤ ፈንዲሻም ጨምረን ገዛን። እናቴ ፈንዲሻውን ባየች ጊዜ ወዲያው ፔርሙሱን ከፈተች። ፈንዲሻ ያለ ቡና እንዴት ይሆናል! ከጎናችን የቆሙት ፈረንጆች የዶሮው ሽታ ደርሷቸው መሰለኝ ደጋግመው ዞር ይሉ ነበር። አንድ አንድ ጉርሻ ልስጣቸው ስትል ነው የከለከልኳት።

ፊልሙ ተጀመረ። ስለ አንድ ባልና ሚስት ነበር፤ ከዚያ በላይ ማስታወስ አልችልም፣ ምክንያቱም ወደ ግማሹ ስንደርስ ሬዲዮው ተንተፋተፈና ዝም አለ። ባትሪያችን ሞተ። ሞተሩን ላስነሳ ብል እምቢ። ኬብል የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፤ ነገር ግን በፊልም መሃል ሞተር አስነስቶ መብራት የሚያበራ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ትልቅ ነውረኛ ነው። እስኪያልቅ መጠበቅ አለብህ። ስክሪኑ ላይ ሰው ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ በር ይዘጋል፤ እኛ ጋ ጭጭ።

እናቴ ጀመረች። «ይቺ ልጅ አባቷ ለሌላ ድሯታል» አለች። «ይሄኛው የመጀመሪያ እጮኛዋ ነው። ከወታደር ቤት ተመልሶ ነው የመጣው። እናቱ ደግሞ ታማበታለች።» ስክሪኑ ላይ አንዲት አሮጊት ብቅ ባለች ቁጥር «እናቱ እቺውላችሁ» ትላለች። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ተነስተው በመሃላችን አንገታቸውን አሰገጉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልፈለገኝም። ሰውየው መሐላ ገባ፣ ደም ተቃባ፣ ሽማግሌ ተላከ፤ መጨረሻ ላይ ካሣ ተከፍሎ ታረቁ። ከፊልሙ ሰዎች አንዱም ኮፍያውን እንኳ አውልቆ አልታረቀም። ግን አመንናት።

ልጄ ካደገች በኋላ ያንኑ ፊልም በቴሌቪዥን አገኘችው። ደውላ «አባዬ፣ ሌላ ታሪክ ነው እኮ!» አለችኝ። ተናዳለች። የአያቷ ይሻል ነበር።

ስለ ድራይቭ ኢን ሳነብ ደስ ያለኝ አንድ ወሬ አለ። የመጀመሪያውን የከፈተው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባል የኒው ጀርሲ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1933፣ ካምደን አጠገብ። አስቀድሞ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው የሞከረው። ዛፍ ላይ አንሶላ ወጠረ፣ ፕሮጀክተሩን መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠ፣ ሬዲዮ ከአንሶላው ኋላ አደረገ። ዝናብ ቢመጣስ ብሎ የሣር ማጠጫ ውኃ መኪናው ላይ ለቀቀ። ጉብታውንም ያሰበው እሱ ነው፤ የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ዋጋው ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለአንድ ሰው 25 ሳንቲም፣ ቢበዛ ለመኪና ሙሉ ሰው አንድ ዶላር። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረገው እናቱ ሰፋ ያሉ ሴት ስለነበሩ የሲኒማ ወንበር ስለማይመቻቸው ነው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከ4,000 በላይ ድራይቭ ኢን ነበር። ዛሬ 300 ያህል ቢቀር ነው። ስለዚያ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች እንባ ይቀድማቸዋል፤ ወጣቱ፣ ፍቅሩ፣ ትልልቆቹ መኪኖች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ አብሮኝ ፓርኪንግ የሠሩ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ቨርጂኒያ ነው ያደጉት። ከ1926 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ሕዝብ በሚሰበሰብበት አዳራሽና ቲያትር ሁሉ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሕግ ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ እስኪወጣ ድረስ የሳቸው ቤተሰብ በድራይቭ ኢን በር አልገባም። ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ካለ ጉብታ ላይ ሆነው ነው የሚያዩት። ድምፅ የለም። «ወሬውን የምንሠራለት ራሳችን ነበርን» አሉኝ። የእናቴን ታሪክ ነግሬያቸው ነው ይህን ያወሩኝ። ስቀው ነበር፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። የኛ ባትሪ ነው የሞተው። እሳቸው ግን አጥር ነው የከለከላቸው። ከዚያ ወዲህ የድሮው ዘመን ይመለስ የሚል ሰው ስሰማ የማንኛው ዘመን ነው እላለሁ።

የኛ ሜዳ የተዘጋው በዲጂታሉ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አካባቢ የፊልም ኩባንያዎቹ ጥቅልሉን ፊልም እየተዉ ሁሉን በዲጂታል መላክ ጀመሩ። አንድ አዲስ ፕሮጀክተር ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በዓመት ጥቂት ወር፣ ያውም ዝናብ በሌለበት ቅዳሜና እሑድ ለሚሠራ ሰው ይህ የሚታሰብ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ለሥራ አልፌ ቆም አልኩ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ አጥሩ ግን በአንድ በኩል ወድቋል። ከስክሪኑ ላይ አራት አምስት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሰማዩ ይታያል። ትኬት የሚቆረጥባት ጎጆ መስታወቷ የለም። አንዱ ምሰሶ ላይ የድምፁ ሳጥን አሁንም ተንጠልጥሏል። ፊቱ ዝጓል፣ የድምፅ ማስተካከያው ቁልፍ ግን ይዞራል። ሳዞረው ከውስጥ ተርብ ወጣብኝና ሮጥኩ። ስሮጥ ጉብታዎቹ እየመጡ አደናቀፉኝ። ሣር በልቷቸው አይታዩም እንጂ ሁሉም አሉ። ማታ ስልኬ ላይ ካርታውን ከፍቼ ከሰማይ ሳየው እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ረድፋቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስቲቨንስ ሲቲ የምትባለው ትንሽ ከተማ ውስጥ ከ1956 ጀምሮ ያለ አንድ ሌላ ድራይቭ ኢን አለ፤ ዘንድሮ ልጆቹን እዚያ እወስዳለሁ ብያለሁ። የዘንድሮ መኪና መብራት አልጠፋም እያለ ያስቸግራል አሉ። እሱ ላይ ጨርቅ ጣል ይደረጋል።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ያ ሲኒማ ተዘግቷል አልኳት።

«የቱ?»

«በቆሎው ጋ ያለው።»

«እና መሬቱን ማን ያዘው?»

«ማንም። ባዶውን ነው።»

«ያን ያህል መሬት ጾሙን ያድራል?» ድምጿ ከፍ አለ። «በቆሎው እስከ አጥሩ ድረስ መጥቶ፣ ማንም አላረሰውም?»

አጥሩ ላይ ይሸጣል የሚል ማስታወቂያ እንዳየሁ ነገርኳት።

«ስንት ይላል?»

«ዋጋ የለበትም። ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ደውልላቸዋ!»