የኩባንያውን ስልክ ስጠኝ

ደሴ ውስጥ፣ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተሩ ጣጣ የኔ ነው። የመጻሕፍቱ ውሰትና ምላሽ የሚመዘገበው ኮሃ በሚባል ክፍት ምንጭ (ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል) ሶፍትዌር ነው። የጫነው ልጅ ሌላ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል።

በአረፋ ማግስት ተማሪዎች መጽሐፍ ሊመልሱ መጡ። ስክሪኑ ላይ ቅጣት ተጽፎባቸዋል። "ትናንት በራችሁ ዝግ ነበር እኮ!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወረደ።

የክፍላችን ኃላፊ ጫጫታውን ሰምተው መጡ።

"የኩባንያውን ስልክ ስጠኝ።"

"ጋሼ፣ ኩባንያ የለውም።"

"ባለቤት የሌለው ነገር ነው ያሸከማችሁኝ?"

አልፈረድኩባቸውም። በፊት የነበረው ሶፍትዌር የተገዛ ነበር፤ ስልኩ ባይነሳም የሚረገም ሰው አለ። የኮሃ ፈቃድ ግን ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። (የተገዛውም ውል፣ ጥቃቅን ፊደሉ ሲነበብ፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም።)

ነገሩን አስረዳኋቸው። ኮሃን ያሠራው ሆሮፌኑዋ የሚባል የኒውዚላንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። አሮጌው ሲስተሙ የፈረንጆቹን 2000 እንደማይሻገር ሲያውቅ በ1999 የራሱን አሠራ፤ ከዚያ ለፈለገ ሁሉ ለቀቀው። ለራሱ ችግር እንጂ ለገበያ አላሰበውም። ዛሬ በክፍያ የሚያግዙ ድርጅቶች አሉ፤ የሚያስከፍሉት ግን ለሙያቸው ነው። የኛን በዓላት ቀድሞ አስቦ የሚሞላልን የለም።

"እንዲህ ከሆነማ ወንፈል ነዋ" አሉ ጋሼ። "የኛ ተራ የቱ ነው?"

የበዓላት ሰሌዳውን ከፈትኩላቸው። ባዶ! እሑድን አንዴ ሞላን፣ በየሳምንቱ ራሱን ይደግማል። ሌላው አስቸገረ። ኮሃ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ጥምቀት አንዳንዴ ጃንዋሪ 19፣ አንዳንዴ 20 ይውላል። ኢድና አረፋ ደግሞ ጨረቃ እያዩ ናቸው፣ በየዓመቱ በእጅ ይገባሉ። ቀጥሎ ቅጣቱ የተዘጋባቸውን ቀናት እንዳይቆጥር አንድ ቅንብር ቀየርን። የተማሪዎቹን ቅጣትም ሰረዝን።

ጋሼ እዚያው አንዷን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጠርተው ሰሌዳውን አስረከቧት። በዓመቱ እቅድ ላይ ለሶፍትዌር "ነፃ" ተብሎ የታለፈውንም ሰርዘው ሥልጠናና የመጠባበቂያ ዲስክ ጻፉበት። ፋይናንስ ክፍል "ነፃ ነው ብላችሁን አልነበር?" እያለ እስካሁን ይሟገተናል።