ነጌቲቭ አራት ከሲሶ ፍየል

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በአንድ የሒሳብ ፈተና ላይ የአንድ ገበሬን ፍየሎች ብዛት አስልቼ «ነጌቲቭ አራት ከሲሶ» ብዬ ጻፍኩ። እርግጠኛ ስለነበርኩ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ «ሲሶዋን ማን በላት?» የሚል ጥያቄ ጨምረውበት ነበር። የክፍል ጓደኞቼ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ፍየሎቼ እንዴት እንደዋሉ ሲጠይቁኝ ከረሙ።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ አንድ ገበሬ 20 በጎች አሉት። የበጎቹ ቁጥር ከፍየሎቹ ቁጥር ሦስት እጥፍ በ7 ያንሳል። ፍየሎቹ ስንት ናቸው? እንዲህ በአማርኛ ቢቀርብልኝ የምሳሳት አይመስለኝም። እኔ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ተምሬ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆነብኝ። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ 7 ከፍየሎቹ ሦስት እጥፍ ቀድሞ ይመጣል፤ የሚቀነሰው ቁጥር ከሚቀነስበት ይቀድማል ማለት ነው። እኔም የፍየሎቹን ቁጥር «ፈ» ብዬ፣ ቁጥሮቹን በመጡበት ተራ ደረደርኳቸውና 7 − 3ፈ = 20 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት እንከን አልነበረበትም፤ ፈ = −13/3። ስሌቱ ልክ ሆኖ ፍየሎቹ ግን ካለመኖርም አልፈው ዕዳ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ የቃላት ጥያቄ፣ ማለትም እንዲህ በታሪክ መልክ የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ፣ ሲመጣ ዘልዬ ማለፍ ልማዴ ሆነ። ፈተና ላይ መዝለል ይቻላል። ሥራ ላይ ግን አይቻልም። በሃያ ሰባት ዓመቴ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስሠራ፣ ባለቤቱ ከየደረሰኙ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለይቼ እንድመዘግብ አዘዙኝ። ታክሱ 15 በመቶ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠቅላላው 2,300 ብር ከሆነ የ2,300ን 15 በመቶ አወጣሁ፤ 345 ብር ታክስ፣ ቀሪው 1,955 ብር ዋጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ መዘገብኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ መዝገቡን አንድ ጊዜ ገልጠው አዩና «ልጄ፣ 1,955 ላይ 15 በመቶ ጨምርና ስንት እንደሚመጣ ንገረኝ» አሉኝ። 2,248 ብር ከ25 ሳንቲም መጣ። 2,300 አልሞላም።

15 በመቶው የሚሰላው ታክሱ ከመጨመሩ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የማላውቀው ያንኑ ዋጋ ነበር። የማላውቀውን «ዋ» ብዬ ብጠራው ኖሮ ዋ + 0.15ዋ = 2,300፣ ማለትም 1.15ዋ = 2,300 ይሆንና ዋ = 2,000 ይወጣ ነበር፤ ታክሱም 300 ብር። በአንድ ደረሰኝ 45 ብር ተሳስቻለሁ። የሦስት ሳምንቱን ደረሰኝ እንደገና በእጄ ስሠራ ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አላስታውስም፤ በማግስቱ ግን የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።

የማታው መምህር የሚያስተምሩት ሒሳብ አያያዝ ነበር፤ ሆኖም ግማሹ ክፍል እንደ እኔ የቃላት ጥያቄ የሚፈራ መሆኑን ሲያዩ ሁለት ሳምንት ለዚያ ሰጡ። የመጀመሪያው ትእዛዛቸው ቁጥሮቹን በጣታችን ሸፍነን ጥያቄውን በአማርኛ እንድንተርክላቸው ነበር። «በጎች አሉ፣ ፍየሎች አሉ፣ የፍየሎቹ ሦስት እጥፍ ቢወሰድ በጎቹ ከዚያ ትንሽ ያንሳሉ።» ቁጥር ከሌለ እጃችን ለመደመርና ለመቀነስ አይቸኩልም። ፈተና ላይ የነበረኝ በሽታ ይኸው ነበር፤ ሁለት ቁጥር ካየሁ ታሪኩን ሳልሰማ ወደ ስሌት እሮጣለሁ።

ሁለተኛውን ነገር ያስተዋልኩት በራሴ ነው፤ እስከ ዛሬም የምኮራበት እሱ ነው። አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ይገፋል። «የበጎቹ ቁጥር ከፍየሎቹ ሦስት እጥፍ በ7 ያንሳል» ሲባል መጀመሪያ በጎቹ፣ ቀጥሎ 3ፈ፣ ቀጥሎ 7 ይመጡና ምን እንደሚደረግ የሚነግረን «ያንሳል» በስተመጨረሻ ይደርሳል። በተራው ብንጽፈው በ = 3ፈ − 7 ይሆናል። «ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ቢቀነስ» የሚለውም እንዲሁ፤ ቁጥሩ፣ 5፣ መቀነስ። እንግሊዝኛው የሚገለብጠውን አማርኛው በወጉ አሰልፎ ያቀርበዋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሲገጥመኝ መጀመሪያ በአማርኛ እለውና ግሱ ላይ እስክደርስ ብዕር አላነሳም። ለፍየሎቹም 3ፈ − 7 = 20 ብዬ 9 ፍየል አገኘሁላቸው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አማርኛም ግን ወጥመድ አለው። «ዋጋው በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚል ዜና ስሰማ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል። 100 ብር የነበረው 300 ሆነ ወይስ 300 ተጨምሮበት 400? ተናጋሪው ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር በሁለቱም መንገድ ጽፌ የትኛው ከቀሪው ታሪክ ጋር እንደሚስማማ አያለሁ እንጂ በቋንቋው አልተማመንም።

ፊደሉም ሌላ ጣጣ ነው። መምህሩ አንድ ቀን «በአንድ ኮሌጅ ለእያንዳንዱ መምህር ስድስት ተማሪ አለ፤ በእኩልታ ጻፉ» አሉን። ከአሥራ ስምንታችን አሥራ አንዳችን 6ተ = መ ብለን ጻፍን። ስድስት ተማሪ፣ አንድ መምህር፤ ዓይናችን ያየው ይህንን ነበር። «ኮሌጁ 60 ተማሪ ካለው 360 መምህር ቀጠራችሁለት ማለት ነው» አሉ። በኋላ እንዳነበብኩት ጆን ክሌመንትና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ይህንኑ ጥያቄ ለአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች አቅርበው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት 37 ከመቶው መሳሳታቸውን ጽፈዋል፤ አብዛኞቹም በዚያው በእኛ መንገድ ገልብጠውት ነበር። ትንሽ ተጽናናሁ። ስህተቱ «ተ» ተማሪን ሳይሆን የተማሪዎችን ቁጥር እንደሚወክል መዘንጋት ነው። ያኔ የጀመርኩት ልማድ አለኝ፤ ከእኩልታው በላይ «ተ = የተማሪዎች ቁጥር» ብዬ ሙሉውን ሳልጽፍ አንድ እርምጃ አልሄድም። ዓረፍተ ነገሩንም «የተማሪዎች ቁጥር የመምህራን ቁጥር ስድስት እጥፍ ነው» ብዬ ካስተካከልኩት ተ = 6መ ራሱ ይመጣል።

አሁን የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በየቅዳሜው ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ለእሷ ያልኳችሁ ሁሉ አልሠራም። ቁጥር ሸፍና ስትተርክ ቆንጆ ትተርካለች፤ ፊደል ጻፊ ስትባል ግን ብዕሯ ይደርቃል። መፍትሔው የመጣው አያቴ ምሽት ላይ ይነግሩን ከነበረው ተረት ነው። አንዲት እርግብ በመንገዷ ላይ ላገኘቻቸው «ጤና ይስጥልኝ፣ እናንተ መቶ እርግቦች!» ብትላቸው፣ «መቶ አይደለንም፤ እኛን የሚያህሉ፣ የእኛ ግማሽ፣ የግማሻችን ግማሽ ቢጨመሩ፣ አንቺም ብትጨመሪ መቶ እንሞላለን» አሏት። ስንት ነበሩ?

«ገምቺ» አልኳት። 40 አለች። «ልክ መሆኑን እንዴት ታውቂያለሽ?» አልኳትና 40 + 40 + 20 + 10 + 1 ብላ ጻፈች፤ 111። በዛ። በ32 ሞከረች፤ 89። አነሰ። ሦስተኛ ግምት ልትጽፍ ስትል እጇን ያዝኩና 40 በነበረበት ቦታ ሁሉ «እ» እንድትጽፍ ነገርኳት። እ + እ + እ/2 + እ/4 + 1 = 100። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። «ይሄ እኮ ያው የሠራሁት ነው» አለች። አዎ፣ ያው ነው። 11እ/4 = 99፣ እ = 36።

መገመት የሚያሳፍር መስሎኝ ስንት ዓመት ተደብቄ ገምቻለሁ! በ1550 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተጻፈው የግብፅ ፓፒረስ ላይ ያለው ጸሐፊ አህሞስ እንኳ ይገምታል። አንድ ክምርና የዚያው ክምር አንድ ሰባተኛ ተደምረው 19 ከሆኑ ክምሩ ስንት ነው ሲል 7 ብሎ ጀመረና 8 አገኘ፤ ከዚያ 8ን 19 የሚያደርገውን ብዜት ፈልጎ 7ን በዚያ አበዛው። ከእሱ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ባግዳድ ውስጥ አልጀብራን ያቀናው አል ኽዋሪዝሚም ቢሆን በምልክት አልጻፈም፤ ሁሉንም በቃላት ሲተርክ ያልታወቀውን «ነገር» እያለ ይጠራው ነበር። የእህቴ ልጅ ይህን ከሰማች ወዲህ ፊደል መምረጥ ሲሰለቻት «ነ» ትጽፋለች።

የዕድሜ ጥያቄ ላይ እስካሁን ትሳሳታለች። እናት ከልጇ በ24 ዓመት ትበልጣለች፤ ከ6 ዓመት በኋላ የልጇ ሦስት እጥፍ ትሆናለች ቢባል እናቲቱን ብቻ ታስረጅና ልጇን ትረሳታለች። ል + 30 = 3ል ብላ ልጅቱን 15 ታደርጋታለች። ከ6 ዓመት በኋላ 45 እና 21፤ ሦስት እጥፍ አይደለም። ሁለት ዓምድ አስምራ «አሁን» እና «ከ6 ዓመት በኋላ» ብላ ስትለይ ግን ል + 30 = 3(ል + 6) ይወጣላትና ልጅቱ 6፣ እናቲቱ 30 ይሆናሉ። ማስመሩን አትወደውም፤ ጊዜ ይፈጃል ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ጥያቄ ከምሰጣት እሷ እንድትጽፍልኝ ጠየቅኳት። «የአጎቴ ዕድሜ ከእኔ ዕድሜ አራት እጥፍ በ5 ያንሳል። የሁለታችን ድምር 60 ነው።» ነ = የእኔ ዕድሜ ብላ ሙሉውን ጽፋ፣ ነ + 4ነ − 5 = 60፣ ነ = 13 ብላ ጨረሰች። የእሷ ዕድሜ ልክ ነው። እኩልታው ግን እኔን 47 አድርጎኛል፤ እኔ ገና 44 ነኝ። ብነግራት «ትመስላለህ» አለችና ሦስቱን ዓመት ሳትቀንስልኝ ሄደች።