ቃታው የእኔ፣ ነፋሱ የእርሳቸው

ዛሬ እንግሊዝ አገር ቢዝሊ ከሚገኘው ከስቲክልዳውን የተኩስ ሜዳ ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ አመሸ። ያገኘሁት ነጥብ የማን ነው? ለቡድናችን ቀኑ መልካም ነበር፤ የእኔም ውጤት የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ምን ሠራህ ብባል፣ ተኛሁ፣ አለምኩ፣ ቃታ ሳብኩ ከማለት በቀር የምመልሰው የለኝም። ከባዱን ሥራ የሠሩት ከጎኔ የተቀመጡት አሰልጣኛችን ናቸው።

የጉዞውን ጣጣ በአጭሩ ልለፈው። ጠመንጃ ይዞ ድንበር መሻገር ራሱን የቻለ የትዕግሥት ውድድር ነው። ፈቃዱን በስማችን ያመለከተልን እዚሁ ብሪታኒያ የሚኖር ሰው ነው። የእያንዳንዱ ጠመንጃ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፤ ጥይት ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ሻንጣዬን የፈተሸው ሰው ጠመንጃውን ትቶ ወፍራሙን የተኩስ ጃኬቴን አነሳና እዚህ በጋ በሆነበት በሐምሌ ይህ ለምን ብርድ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጃኬቱ የሚከላከለው ብርድን ሳይሆን የገዛ ልቤን ምት ነው ብዬ ብነግረው አያምነኝም ነበር።

ልቤን ያልኩት ለቀልድ አይደለም። በሆዴ ተኝቼ ማንገቻውን ክንዴ ላይ አጥብቄ ስይዝ፣ የደም ሥሬ በመታ ቁጥር ማነጣጠሪያው እንጣጥ ይላል። በሁለት ምት መካከል ባለችው ፋታ ቃታውን መሳብ የእኔ ሙያ ነው። የቀረው ሁሉ ነፋስ ነው።

ከተኩስ መስመሩ እስከ ዒላማው 1000 ያርድ ነው፤ በሜትር 914። አረሩ ይህን ለመጓዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ለነፋስ ይህ ሰፊ ጊዜ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የእኛን ዓይነት ጥይት ከ2 ሜትር በላይ ገፍቶ ከመንገዱ ያስወጣዋል። አምስት ነጥብ የሚያሰጠው የመሐል ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 61 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋሱ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ያህል በርትቶ ወይም ላልቶ ካላየነው፣ መሐሉን ታልማ የተለቀቀች ጥይት ጠርዙ ላይ ታርፋለች።

ይህን የሚያዩት አሰልጣኛችን ናቸው። የቴሌስኮፓቸውን ጥራት የሚያስተካክሉት ዒላማው ላይ ሳይሆን ከዒላማው መለስ ባለ ቦታ ላይ ነው፤ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ሲያርገበግበው ወደየት እንደሚፈስ የሚታየው እንዲያ ሲሆን ነው። ነፋሱን የሚያሳዩትን የሜዳውን ባንዲራዎች በሌላው ዓይናቸው ይከታተላሉ። ከዚያ እጃቸው ምንም ሳይሉኝ በጉንጬ አጠገብ ይመጣና ማነጣጠሪያዬን በነፋሱ ልክ ወደ ጎን የሚያዛውረውን ቁልፍ ያዞራል፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ስንት ጊዜ እንዳዞሩት አልቆጥርም፤ እንድቆጥርም አይፈለግም። «ተኩስ» ይላሉ። ባመነታ ነፋሱ አይጠብቀኝም፤ ንባባቸውም ከንቱ ይቀራል።

ከተኮስኩ በኋላ ግን የመናገር ተራው የእኔ ነው። ዒላማው ወደ ታች ወርዶ፣ ቀዳዳው ላይ ምልክት ተሰክቶበት እስኪወጣ ድረስ፣ ቃታው ሲለቅ ማነጣጠሪያዬ የት እንደነበር መናገር አለብኝ። «ጥሩ ነበር» ወይም «ትንሽ ወደ ግራ»። ወደ ግራ ሸሽቶብኝ ሳለ ጥሩ ነበር ብል፣ እርሳቸው ጥፋቱን ለነፋሱ ሰጥተው ቁልፉን ያዞራሉ፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚተኛው ሰውም የእኔን ውሸት ይተኩሳል። በዚህ ስፖርት ውስጥ እንዲህ ያለ አደራ መኖሩን ከሜዳው ውጭ ያለ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም።

የነጥቡ ባለቤትነት ነገር ንግሥት ቪክቶሪያን አስታወሰኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860፣ ውድድሩ ወደ ቢዝሊ ከመዛወሩ ከ30 ዓመት በፊት፣ በዊምብልደን የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሱት እርሳቸው ነበሩ። የዊትዎርዝ ጠመንጃ በብረት መደገፊያ ላይ ጠብቆ፣ 400 ያርድ ወደራቀው ዒላማ ተስተካክሎ ቀረበላቸው፤ የሐር ገመድ ሳቡ፤ ጥይቷም ከመሐል አጠገብ አረፈች። ታሪክ ተኩሱን ለንግሥቲቱ መዝግቦታል። እኔም ዛሬ ገመድ ሳብኩ እንዴ? እንዲያስ አልልም፤ የብረት መደገፊያ የልብ ምት የለውም።

በግል ውድድር ነገሩ ሌላ ነው። ማርጆሪ ፎስተር በ1930 የቢዝሊን ታላቅ የግል ውድድር፣ የንጉሡን ሽልማት፣ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን ነፋሱንም ቃታውንም ይዛ የተኛችው ብቻዋን ነው። የዚህን ሽልማት አሸናፊ በወንበር ተሸክሞ ከሜዳ ማውጣት የቢዝሊ ወግ ነው። ቡድን ሲያሸንፍስ ማን ማንን ይሸከማል? የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ካገኘሁት መልስ ሁሉ ይህኛው ይሻለኛል፦ ለአንድ ሰው የማይበቃ ነጥብ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝን ድርሻ ደግሞ እወደዋለሁ። ብቻዬን ስተኩስ ግማሹ ሐሳቤ ባንዲራው ላይ ይውላል፤ ዛሬ ግን ሙሉ ሐሳቤ ጣቴ ላይ ነበር፤ እንዲህ በጽሞና የተኮስኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ነገ የግል ውድድር አለብን። አሰልጣኛችንም ጠመንጃቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ምድባችንም አንድ ነው። ራት ላይ ነገ ጠዋት ነፋሱ ከየት በኩል የሚነሳ ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጨዉን አቀብለኝ» አሉኝ።