ከጅዳ መልስ፣ ኮምቦልቻ

ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ብርቅ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ነው የተመለሰው። እኔም አንዷ ነበርኩ። ስለ መመለሱ ሁሉም ያወራል። ከተመለሱ በኋላ የት እንደሚገባ ግን የሚናገር የለም።

እናቴ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ድግስ ነበር። ከዚያ ጥያቄው መጣ። «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ያላለኝ ዘመድ የለም። የላክሁት ገንዘብ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አለ፣ ወንድሜ ትምህርት ላይ አለ፤ እጄ ላይ ግን የለም። ይሄን ማስረዳት ያደክማል። በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆንኩ። እንግዳስ ቡና ይፈላለታል።

ሥራ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከተማዋ መንገድ ላይ ናት። አንዱ መንገድ ደሴ ይወጣል፣ አንዱ በከሚሴ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፣ አንዱ በባቲ ወርዶ ሚሌን ይዞ ጅቡቲ ይደርሳል። ሹፌር አይጠፋም። ሹፌር ካለ ደግሞ ምግብ ቤት አለ። በአስተናጋጅነት ተቀጠርኩ። ሰፈር ውስጥ «ዐረብ አገር ደርሳ መጥታ ሰሃን ታነሳለች» ተባለ አሉ። ይባላ! ጅዳስ ምን ሳነሳ ኖሬ ነው? እዚህ ቢያንስ «አላህ ይስጥልኝ እህቴ» የሚል ሰው አለ።

የምግብ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ስለ ውሃ ነው። «ከጅቡቲ መስመር የመጣ ሹፌር ወንበር ሲስብ ምን ልታዘዝ አትበይው። ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሚ፤ ረሃቡን የሚያስታውሰው ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአፋርን በረሃ ሲነዳ የዋለ ሰው ጠርሙሱን ጨርሶ ነው ቀና ብሎ የሚያይሽ።

የእኛ ቤት ሥጋ የሙስሊም ነው። ክርስቲያን ሹፌር ሲገባ ሽሮ ወይ በያይነቱ ያዛል፤ የዚያን ድስት ቅቤ አይነካውም። አብራኝ የምታስተናግደው ልጅ ክርስቲያን ናት። በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት ጠረጴዛዬን እሷ ትይዝልኛለች። ለገናና ለፋሲካ እሷ ቤቷ ስትውል እኔ ድርብ እገባለሁ። ወሎን ለማወደስ አይደለም፣ ፈረቃ ነው። ካልተተካካን እቴቴ ሁለታችንንም ነው የሚቆጡን።

አንድ ቀን ስለ ካብሳ፣ ስለ ሳዑዲዎቹ ሩዝ በሥጋ፣ ለእቴቴ አወራኋቸው። ጅዳ ሳለሁ ዘወትር የምሠራው ነው። ሩዙን ውሃው እስኪጠራ ታጥቢያለሽ፤ ሥጋውን ከቀረፋ፣ ከሄልና ከደረቀ ሎሚ ጋር ትቀቅያለሽ፤ ሩዙ በዚያው መረቅ ይበስላል። ቤተሰቡ በልቶ ከተነሳ በኋላ የተረፈውን ኩሽና ቆሜ እቀምስ ነበር። «ታዲያ ለእኛ አትሠሪልንም?» አሉ እቴቴ። የደረቀ ሎሚ አጣሁ። ሎሚ በጨው ውሃ ቀቅዬ ጣሪያ ላይ አሰጣሁ፤ እስኪጠቁርና ሲነቀነቅ እስኪንኳኳ ጠበቅሁ። ድመት እንዳያነሳው ስጠብቅ የሳቁብኝ ሳቅ!

ለጁምዓ ሠራሁት። ከሶላት የወጣው ሁሉ ሽታውን ተከትሎ ገባ። አንድ የተሳቢ ሹፌር ትሪውን ጨርሶ ለረዳቱ ሌላ አዘዘ፤ ያንንም አብሮት በላ። ሰው ቀለል ሲል እቴቴ ሽርጤን አስወልቀው ሹፌሮቹ መሀል ወንበር ሳቡልኝ። ሰሃኑን ራሳቸው አቀረቡ። ካብሳ ተቀምጬ ስበላ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ሩዙ ትንሽ ጨው በዝቶበታል። ማንም አልተናገረም፣ እኔም ዝም።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ የካብሳ ቀን ነው። ባለፈው ሩዝ እያጠብኩ ደላላ ደወለ። ቪዛ አለ፣ ደመወዙም ከድሮው ይሻላል፣ ቶሎ ወስኚ ይላል። «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። እቴቴ ከበር ሆነው ይጮኻሉ፦ «ሩዙን ጨምሪ፣ ተሳቢዎቹ ተደርድረዋል!»