«ትናንት» የማን ናት?

ዛሬ ከእህቴ ልጅ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንጨቃጨቅ ነበር። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ ጠፋ።» የትኛው ቃል ከየትኛው ሥር እንደሚገባ በቅርንጫፍ ሥዕል ተንትኚ ተብላለች። «ትናንት»ን «የገዛሁት» ሥር አንጠለጠለቻት። «‹ጠፋ› ሥር ብትሆንስ?» አልኳት። እርሳሷን አንስታ ከ«ትናንት» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ጣል አደረገችና «አሁን ያንተ ልክ ሆነ» አለችኝ።

የገረመኝ ግን ሥዕሉ ነው። አስተካክላ ስትጨርስ ሰረዙ የለም። የሚገባበት ቦታም የለውም! እ.ኤ.አ. በ1877 አሜሪካውያኑ የሰዋስው መምህራን ሪድና ኬሎግ ለእንግሊዝኛ ያወጡት ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ ተውሳከ ግሱ ከግሱ ሥር በሰያፍ መስመር ይገባል፣ ሥርዓተ ነጥቡ ግን ይቀራል። ቅርንጫፉን አሳይቷላ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይሠራል?

ስናወራ «ትናንት» የመግዛቱ ትሁን የመጥፋቱ የምንለየው ቆም በማለት ነው። አንባቢ ደግሞ ድምፃችንን አይሰማም። «ሰረዝ ለጌጥ ነው» ከሚሉ ሰዎች ጋር የማልግባባው ለዚህ ነው። በተለይ ውል የሚጽፉ ከሆነ።